ቀይ አፈር፣ ባዶ እግርና ኤችኤልኤ፦ የምዕራብ ጎጃም የእግር እብጠት ጥያቄ ሲዳሰስ

በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ያለው ቀይ አፈር ጤፍና በቆሎ፣ በርበሬም አብቃይ ነው። ዝናቡ አይሰስትም፤ መሬቱም የዘሩበትን አይነሳም። ይኸው ለም አፈር ግን ዕድሜውን በባዶ እግሩ የሚያርሰውን ሰው እግር ዓመት በዓመት ያሳብጣል። ሕክምናው ፖዶኮኒዮሲስ ይለዋል፤ ሕዝቡ ደግሞ ከሌሎች የእግር እብጠቶች ጋር ደባልቆ ዝሆኔ ይለዋል። ትል አያመጣውም፣ ትንኝ አታስተላልፈውም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም።

የዚህ ዳሰሳ መነሻ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ነው። በአንድ ቀበሌ አብረው ካደጉ፣ አንዱን ማሳ በባዶ እግራቸው ካረሱ ሰዎች መካከል ጥቂቶቹ ብቻ የሚታመሙት ለምንድን ነው? ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲፈለግ የኖረው መልስ ከአፈሩ ተነሥቶ በሰው ሕዋስ ገጽ ላይ ወደሚገኝ የፕሮቲን ቤተሰብ፣ ወደ ኤችኤልኤ አድርሷል። ይህ ግኝት ሁለት ተስፋዎችን አስከተለ፤ አንደኛው ፕሮቲኑ በሽታውን አስቀድሞ የሚጠቁም ምልክት ይሆናል የሚል፣ ሁለተኛው የመድኃኒት ዒላማ ይሆናል የሚል ነው። ሁለቱም ተስፋዎች ምርምር ይገባቸዋል። ይሁንና ኤችኤልኤ እስካሁን ያስገኘልን ትልቁ ጥቅም ሌላ ይመስለኛል። ከወላጅ የሚወረሰው ተጋላጭነት እንጂ እብጠቱ እንዳልሆነ በማስረጃ እንድንናገር አስችሎናል። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታው እንዴት ተቆጠረ?

በኢትዮጵያ በሽታውን በሰፊው ለመቁጠር የተሞከረው በገበያ ቀን ነበር። ኦመን የተባለ ሐኪም በ1969 ባሳተመው ጥናት በ56 ገበያዎች የተሰበሰበውን ሕዝብ እግር ተመልክቶ፣ ከመቶው 2.7 ያህሉ ያበጠ እግር እንዳለው ጻፈ። ገበያ የሚወጣው መሄድ የሚችል ሰው ነውና፣ እቤት የዋለውን ቁጥሩ አልያዘውም።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩን የሕይወቱ ሥራ ያደረገው እንግሊዛዊው የሥጋ ደዌ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ፕራይስ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች እየተዘዋወረ ሕሙማኑን ከአፈሩ ዓይነት ጋር አገናኘ፤ የምርምሩን ድምር በ1990 በመጽሐፍ አወጣ። ለበሽታው ዛሬ የሚጠራበትን ስም የሰጠውም እሱ ነው።

ጎጃም በዝርዝር የታየው ዘግይቶ ነው። ዮርዳኖስ ሞላና ባልደረቦቿ በ2012 ያሳተሙት ጥናት በምዕራብ ጎጃም ደምበጫንና በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስን ቤት ለቤት አዳረሰ። ከ15 ዓመት በላይ ከሆነው ነዋሪ 3.3 በመቶው ሕመምተኛ ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት ሠላሳ ጎልማሶች በተቀመጡበት ሰንበቴ በአማካይ አንድ እግሩ ያበጠ ሰው አለ ማለት ነው። ቀጥሎ በከበደ ደሪቤ መሪነት የተካሄደው አገር አቀፍ የካርታ ሥራ ከ1,300 በላይ ማኅበረሰቦችን ዳስሶ በሽታው በኢትዮጵያ ሰፊ ስፍራ እንደተዘረጋ አሳየ። ከዚህ ተነሥቶ የተሠራው ስሌት የሕሙማኑን ቁጥር ወደ 1.5 ሚሊዮን ጎልማሶች ያደርሰዋል።

ቁጥሩ የሚያስከትለው ጉዳት በሥራ ቀንም ተለክቷል። በወላይታ በ2006 የታተመ ጥናት ሕመምተኛው ከሥራ ጊዜው 45 በመቶ ያህሉን እንደሚያጣ አስልቷል። በምዕራብ ጎጃም ይህን የሚያህል ጊዜ ማጣት የዘር ወቅት ማለፍ፣ መሬትን ለእኩል አራሽ መስጠት፣ ልጅን ከትምህርት አስቀርቶ ከበሬ ኋላ ማሰለፍ ማለት ነው።

አፈሩ ምን ያደርጋል?

ፕራይስ ከሕሙማን የተወሰዱ የንፍፊት ዕጢዎችን በአጉሊ መነጽር ሲያይ ሲሊከንና አሉሚኒየም የያዙ ደቃቅ የማዕድን ብናኞች አገኘ። ብናኞቹ በተሰነጠቀ የእግር ቆዳ በኩል ገብተው በንፍፊት ቱቦዎች ውስጥ ይጠራቀማሉ። ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲዋጋቸው ቱቦው ይቆጣል፣ ይጠብባል፣ በመጨረሻም ይደፈናል። መመለሻ ያጣው ፈሳሽ በእግር ውስጥ ይቀራል።

አፈሩ የሚገኝበት ስፍራም ይታወቃል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር ከፍ ያለ፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ፣ ከእሳተ ገሞራ ዓለት የተፈጠረ ቀይ ሸክላማ አፈር ያለበት አገር ነው። የምዕራብ ጎጃም ደጋና ወይና ደጋ እነዚህን ሁሉ ያሟላል። በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም አፈር ላይ የተሠራና በ2014 የታተመ ጥናት ሕመሙ የሚበዛበትን ቦታ ስሜክታይት፣ ማይካና ኳርትዝ ከተባሉ ማዕድናት ጋር አያይዞታል። ቀደም ሲል በ1993 ደግሞ በስምጥ ሸለቆ የሠሩ ተመራማሪዎች በአፈሩ ውስጥ ላሉት ቤሪሊየምና ዚርኮኒየም ጥርጣሬያቸውን አቅርበው ነበር። የቤሪሊየም ነገር ወደ ፕሮቲኑ ስንደርስ ተመልሶ ይመጣል።

አፈሩ ብቻውን ግን ጥያቄያችንን አይመልስም። አፈሩን ሁሉም ይረግጠዋል፤ እግሩ የሚያብጠው የጥቂቱ ነው።

ጥርጣሬው በቁጥር

ሕመሙ በቤተሰብ እንደሚደጋገም የጎጃም ሽማግሌ ከማንም በፊት ያውቃል። ፕራይስም በ1972 የዘር ድርሻ ሊኖር እንደሚችል ጽፏል። ጥርጣሬውን በቁጥር ያስቀመጠው በወላይታ ቤተሰቦች ላይ በጌይል ዴቪ መሪነት የተሠራውና በ2007 የታተመው ጥናት ነው። የሕመምተኛ ወንድም ወይም እኅት የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሕዝብ አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ከሰው ሰው ከሚታየው የተጋላጭነት ልዩነት 63 በመቶ ያህሉ የዘር ድርሻ መሆኑም ተሰላ።

የትኛው ዘረ መል? መልሱ በመጋቢት 2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታተመ። ኢትዮጵያዊው ፋሲል ተኮላ አየለ በመጀመሪያ ጸሐፊነት በመራው በዚህ ጥናት የ194 ሕሙማንና የ203 ጤነኞች ዘረ መል ከጫፍ እስከ ጫፍ ተፈተሸ። ልዩነቱ ጎልቶ የወጣው በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ፣ የሁለተኛው ምድብ ኤችኤልኤ በሚገኝበት ሰፈር ነው። ከዚህ ምድብ ዲአር እና ዲኪው የተባሉትን ፕሮቲኖች የተወሰኑ ዓይነቶች የያዘ ሰው የመታመም ዕድሉ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። በ2021 የታተመ ተከታይ ጥናት ይህንኑ ግንኙነት በሦስት የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ውስጥ ደግሞ አገኘው። በአንድ አካባቢ የታየ ነገር በሌላው ሲደገም በአጋጣሚ ነው ማለት ይከብዳል።

ፕሮቲኑና ሥራው

የኤችኤልኤን መኖር ፈረንሳዊው ዣን ዶሴ በ1958 ገለጠ፤ በ1980ም የኖቤል ሽልማት ተጋርቶበታል። የኢትዮጵያ አንባቢ ስሙን ሰምቶ ከሆነ ምናልባት ከኩላሊት ንቅለ ተከላ ጋር ነው። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 በተጀመረው ዓይነት ሕክምና የሰጪና የተቀባይ ኤችኤልኤ መጣጣም ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ፕሮቲኑ ከሰው ሰው እጅግ ይለያያልና።

የሁለተኛው ምድብ ኤችኤልኤ በመከላከያ ሕዋሳት ገጽ ላይ ይቆማል። በአናቱ ላይ ጠባብ ስርጥ አለው። ሕዋሱ ከውጭ የዋጠውን ነገር ከቆራረጠ በኋላ ስባሪውን በዚያ ስርጥ ይዞ ቲ ሕዋስ ለተባለው ሌላ የመከላከያ ሕዋስ ያሳያል፤ ማስረጃ ይዞ ዳኛ ፊት እንደሚቀርብ ምስክር ማለት ነው። ቲ ሕዋሱ ማስረጃውን አይቶ ባዕድ ነው ብሎ ከፈረደ ቁጣው ይነሣል። የስርጡ ቅርጽ እንደ ኤችኤልኤው ዓይነት ስለሚለያይ፣ የአንዱ ሰው ኤችኤልኤ አጥብቆ የሚይዘውን ስባሪ የሌላው ላይዘው ይችላል። አንድ አፈር የረገጡ ሁለት ጎረቤቶች ሰውነታቸው የተለያየ መልስ የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ይህ ሐሳብ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ቅርብ ዘመድ በሽታ አለ። በኢንዱስትሪ ቤሪሊየም የተባለውን ብረት ከሚነኩ ሠራተኞች ጥቂቶቹ ሳንባቸው ሥር በሰደደ ቁጣ ይጎዳል። ሉካ ሪኬልዲና ባልደረቦቹ በ1993 ሕሙማኑ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ኤችኤልኤ ዲፒ እንደሚይዙ አሳዩ። በኋላ የተሠራው የቅርጽ ጥናት ብረቱ ራሱ በፕሮቲኑ ኪስ ውስጥ ገብቶ እንደሚቀመጥና ቲ ሕዋሱን እንደሚያስቆጣ አስረዳ። አንድ ማዕድን፣ አንድ ኤችኤልኤ፣ አንድ ሥር የሰደደ ቁጣ፤ የእግራችንም ነገር በዚህ መንገድ የሚሄድ ይመስላል።

ይሁንና በፖዶኮኒዮሲስ የሰንሰለቱ መካከለኛ ቀለበት አልተገኘም። ኤችኤልኤው በስርጡ ይዞ የሚያሳየው ምንድን ነው? ማዕድኑ ራሱ ነው ወይስ በማዕድኑ የተጎዳ የሰው ፕሮቲን? ይህ እስኪመለስ ድረስ ከታች ስለ ምልክትና ስለ ዒላማ የሚባለው ሁሉ በዚሁ ክፍተት የተገደበ ነው።

ምልክት ይሆናል?

ሐኪም ከአንድ ምልክት ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይጠብቃል፤ ሦስቱን መደባለቅ ለተሳሳተ ተስፋ ይዳርጋል።

አንደኛው ማን ሊታመም እንደሚችል መጠቆም ነው። ኤችኤልኤ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው፤ ርዳታው ግን ደካማ ነው። በደምበጫና በደብረ ኤልያስ የተገኘውን 3.3 በመቶ እንውሰድ። የተጋላጩ ሰው አደጋ በእጥፍ ቢጨምር ወደ 6.6 በመቶ ይደርሳል። ከመቶ ተጋላጮች ከ93 በላይ የሚሆኑት ሳይታመሙ ይኖራሉ ማለት ነው። ያ የፕሮቲን ዓይነት የሌላቸውም ይታመማሉ። ስለዚህ በፍኖተ ሰላም ለሚወለድ ሕፃን ኤችኤልኤ መርምሮ ጫማ ልግዛለት ወይስ አልግዛለት ብሎ መወሰን አይቻልም። ለሁሉም መግዛት ይሻላል፤ ጫማው ከምርመራው ይረክሳል።

በሌላ በሽታ የኤችኤልኤ ምርመራ ግልጽ ጥቅም ሰጥቷል። አባካቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ኤችኤልኤ ቢ 57፡01 ያለባቸውን ሰዎች ከባድ የአለርጂ አደጋ ላይ ይጥላል፤ በ2008 የታተመ ሰፊ ሙከራ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት መመርመር አደጋውን እንደሚከላከል አረጋገጠ። በዚያ ታሪክ ግንኙነቱ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ውሳኔውም አንድ ክኒን መስጠት ወይም አለመስጠት ነው። የእኛው ግንኙነት ያን ያህል ጥንካሬ የለውም።

ሁለተኛው ይህ እብጠት ምንድን ነው የሚለውን መለየት ነው። እዚህ ላይ ያለው ችግር እውነተኛ ነው። ፖዶኮኒዮሲስን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ የለም። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ሌሎቹን አንድ በአንድ እያስወገደ ይደርስበታል። ትንኝ የምታስተላልፈውን ዝሆኔ ለመለየት የትሉን አንቲጂን የሚያሳይ ፈጣን ምርመራ አለ፤ ሥጋ ደዌ የቆዳን ስሜት በማጥፋቱ ይታወቃል። ከዚያ የቀረው በዓይን የሚታይ ነው። ከእግር ጣት ይጀምራል፣ በአብዛኛው ከጉልበት አያልፍም፣ ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ ግን እኩል አይደለም። ኤችኤልኤ ጤነኛም ሕመምተኛም የሚይዘው ስለሆነ ይህን ጥያቄ ሊመልስ አይችልም።

ሦስተኛው ሕመሙ እየገፋ ነው ወይስ እየበረደ የሚለው ነው። ምርምሩ ይበልጥ ሊተጋበት የሚገባው እዚህ ይመስለኛል። በ2010 የታተመ ጥናት በሕሙማን ደም ውስጥ ቲጂኤፍ ቤታ 1 የተባለውን ፕሮቲንና የኦክሲጅን ጉዳት ምልክቶችን ለካ። ቲጂኤፍ ቤታ 1 ጠባሳ በሚፈጠርበት ሂደት ውስጥ ድርሻ ያለው ፕሮቲን ነው። ገና ማሳከክና ማታ ማታ ቀላል እብጠት ብቻ በሚሰማው ወጣት ደም ውስጥ ቁጣው መጀመሩን የሚናገር ፕሮቲን ቢገኝ፣ እግሩ ሳይጠነክር ማዳን ይቻል ነበር። ይህ ሕመም በጊዜው ሲያዝ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቆዳው ጠንክሮ እባጭ ካወጣ በኋላ ግን መመለሱ ከባድ ነው።

የመድኃኒት ዒላማ ይሆናል?

ኤችኤልኤን በመድኃኒት መዝጋት ይቻላል የሚለው ሐሳብ ባዶ ምኞት አይደለም። ከተጋላጭነት ጋር የተያያዘው የዲኪው ዓይነት ዲኪው 2.2 በመባል ይታወቃል። ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀታቸውን በሚያስቆጣባቸው የሴሊያክ ሕሙማን ላይ ከሚጠኑት የዲኪው 2 ዓይነቶችም አንዱ ነው። የዚያ በሽታ ተመራማሪዎች ዓመታት የፈጀ ሥራ ሠርተዋልና በስርጡ ቅርጽ ላይ የተከማቸው ዕውቀት ለእኛም ይተርፋል።

ሌላው ምሳሌ ከእናቶች ክፍል የሚታወቅ ነው። ሜቲልዶፓ በአገራችን ለነፍሰ ጡሮች ደም ግፊት ሲታዘዝ የኖረ መድኃኒት ነው። በ2018 የታተመ ጥናት ይኸው መድኃኒት ዲኪው 8 በተባለው ኤችኤልኤ ስርጥ ውስጥ ገብቶ እንደሚዘጋው፣ በዓይነት አንድ የስኳር ሕሙማንም ላይ የቲ ሕዋሳቱን መልስ እንደሚቀንስ አሳየ። ዲኪው 8 ከፖዶኮኒዮሲስ ጋር የተያያዘው ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ ሜቲልዶፓ ለእግር እብጠት ይረዳል የሚል ማስረጃ የለም፣ ማንም ሊሞክረውም አይገባም። ትምህርቱ ግን ይቀራል፤ አንድን ኤችኤልኤ ለይቶ በርካሽ ክኒን መዝጋት በመርሕ ደረጃ ይቻላል።

ከመርሑ እስከ ቡሬ ጤና ጣቢያ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው። ስርጡ የሚይዘው ነገር እስካልታወቀ የሚዘጋው መድኃኒት በምን ይፈተሻል? ኤችኤልኤ የመከላከያ መሣሪያም ነው፤ ወባና ሳንባ ነቀርሳ ባለበት አገር መሣሪያውን ለዓመታት ማደንዘዝ ሌላ አደጋ ይጋብዛል። ደግሞም አንዴ ጠባሳ የሆነ ቱቦ በክኒን አይከፈትም። መድኃኒት ቢገኝ እንኳ የሚጠቅመው ገና ለጀመረው ነው። ለጀመረው ደግሞ ዛሬ ያለው መፍትሔ ይሠራል።

ዘርና ጋብቻ

በጎጃም ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ቆጠራው ዝምድናን ለመለየት የቆመ ጥሩ ልማድ ነው፤ ነገር ግን በዚያው አጋጣሚ ደዌም ይጠየቃል። በወላጆች እግር ምክንያት የታጨች ልጅ ስትቀር፣ በገበያም ሰው ከጎናቸው ሲርቅ፣ ቤተሰቡ ሕመምተኛውን ወደ መደበቅ ይሄዳል። የተደበቀ ሕመምተኛ ደግሞ ጤና ኬላ አይደርስም።

ሳይንሱ ሕመሙ የዘር ድርሻ አለው ሲል ይህን ሸክም ሊያከብድ ይችላል። ተመራማሪዎቹ ይህን ቀድመው አስበውበታል። ለዘረ መል ጥናቱ የሰዎችን ፈቃድ ከመጠየቅ ጋር በተያያዘ በ2009 የታተመ ሥራ ሰዎች ምርምሩ መገለልን ያብስ ይሆን ብለው እንደሚሰጉ አሳይቷል። ስጋቱ ተገቢ ነው። ሌላ አደጋም አለ፤ ሕመሙ በዘር የተወሰነ ነው ብሎ ያመነ ወላጅ ለልጁ ጫማ መግዛቱን ከንቱ ወጪ አድርጎ ሊያየው ይችላል።

ስለዚህ መልእክቱ ሙሉ ሆኖ መነገር አለበት። ልጅ ከወላጁ የሚወርሰው አፈሩ በቀላሉ የሚያስቆጣውን ሰውነት ነው። አፈሩ እግሩን ካልነካ ሕመሙ የለም። ለዚህ ትልቁ ማስረጃ ከላቦራቶሪ ውጭ ነው። ፕራይስ እንደጻፈው በሽታው በሰሜን አፍሪካና በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ይታይ ነበር፤ ሕዝቡ ጫማ መልበስ ሲያዘወትር ጠፋ። የሕዝቡ ኤችኤልኤ በዚያ አጭር ጊዜ አልተለወጠም፤ የተለወጠው እግርና አፈር የሚገናኙበት መንገድ ነው። ሙሽራዋ ስትጠየቅ ሊነገር የሚገባው ይህ ነው፤ ጫማ ለብሳ ያደገች ልጅ የምትወልዳቸውም ጫማ ለብሰው ካደጉ እግራቸው ደህና ነው።

ዛሬ የሚሠራው

በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራ በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ ታትሟል። ሄኖክ ንጉሤና ባልደረቦቹ ለግማሾቹ ወዲያው፣ ለግማሾቹ ከዓመት በኋላ ቀላል እንክብካቤ ሰጡ። እንክብካቤው እግርን በሳሙናና በረኪና በተቀላቀለበት ውሃ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ እንደ ሁኔታው በፋሻ ማሰር፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። ከትኩሳት ጋር ድንገት የሚነሣው፣ ሰውን ለቀናት የሚጥለው የእግር ቁጣ በአንድ ሰው በዓመት እንክብካቤው በዘገየላቸው ላይ 23.9 ጊዜ፣ ወዲያው ባገኙት ላይ 19.4 ጊዜ ታየ። ቅናሹ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ሰው ይህን ያህል ጊዜ መውደቁ ራሱ ያሳዝናል፤ በሳሙናና በውሃ መቀነሱ ደግሞ ተስፋ ነው።

ጫማ የሚሉት ነገርም በቂ ማብራሪያ ይፈልጋል። ኮንጎና በረባሶ ከባዶ እግር ይሻላሉ፣ ነገር ግን አፈር ያስገባሉ። ብዙ ገበሬ የተሻለውን ጫማ ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ያስቀምጣል፤ ለእርሻና ለአጨዳ ባዶ እግሩን ይወርዳል። ጭቃ ውስጥ ከበሬ ኋላ ተይዞ የማይቀር፣ እብጠት ላለበት እግር የሚበቃ፣ በገበሬ አቅም የሚገዛ ጫማ መሥራት ከመድኃኒት ፍለጋ ያልተናነሰ የምርምር ርእስ ነው። ውሃም እንዲሁ ነው፤ ሴቶች ከሩቅ ምንጭ በጀርባቸው በሚያመጡት ውሃ እግር በየማታው መታጠብ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። በክልሉ ሰላም ሲታጣና መንገድ ሲዘጋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ሳሙናውም አይደርሱም።

የቀረው ሥራ

የዳሰሳው ድምር እንዲህ ነው። ኤችኤልኤ ሁለት ከባድ ነገሮችን ጠቁሞናል፤ ሕመሙ የመከላከያ ሥርዓት ቁጣ መሆኑን፣ በጎረቤቶች መካከል ለሚታየው ልዩነትም አካላዊ ምክንያት መኖሩን። ለግለሰብ ትንቢት የሚበቃ ምልክት አይደለም። የመድኃኒት ዒላማ ለመሆን ደግሞ ስርጡ የሚይዘው ነገር መታወቅ አለበት።

ይህን ማወቅ የሚቻለው አፈሩና ሕሙማኑ ባሉበት ነው። የጎጃም አፈር ናሙና፣ የሕሙማኑ ቲ ሕዋሳትና የኤችኤልኤ ዓይነታቸው በአንድ ጥናት ሊገናኙ ይገባል። አዲስ አበባ ያለው አርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋምና የክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ የሚሆን ሙያ አላቸው። ደም የሚሰጠው ገበሬ ግን ደሙ በተወሰደበት ቀን ሳሙና፣ ቅባትና ጫማ ይዞ ወደ ቤቱ መመለስ አለበት። ይህን ስል ምርምሩን በልግስና ለማሳመር አይደለም፤ ለሕመሙ የሚሆን የተረጋገጠ እንክብካቤ እያለ ናሙና ብቻ ወስዶ መሄድ ሕመምተኛውን መበደል ስለሆነ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተልም ከማስረጃው ይወጣል። በመጀመሪያ በሽታው ባለበት ቀበሌ የሚወለድ ልጅ ሁሉ መራመድ ሲጀምር ጫማ ያድርግ። ቀጥሎ ያበጠ እግር ያለበት ሁሉ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ እንክብካቤውን ያግኝ። ከዚያ ጎን ለጎን ሳይንሱ ቁጣው ሲጀምር የሚናገረውን ፕሮቲን ይፈልግ። መድኃኒት ለማግኘት ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ በደምበጫና በቡሬ መካከል አሁን ድክ ድክ የሚለው ሕፃን ግን ያን ያህል መጠበቅ አያስፈልገውም፣ እግሩን የሚያድነው ነገር በገበያው አለ።